የእማማ ሌሊት በጋሼ ስም

አማቴን አንድ ተራ ቀን ምን ያህል እንደሚያስወጣቸው ብትጠይቁኝ በገንዘብ አልነግራችሁም። የገንዘቡ ወጪ በሁሉም ቤት ያው ነው፤ እናንተም ታውቁታላችሁ። እኔ የምነግራችሁ ሌላውን ወጪ ነው። ጠዋት ከአልጋ ሲነሱ ራሳቸው ውሃ እንደጠጣ ብርድ ልብስ ይከብዳቸዋል፤ ግንባራቸውን በሻሽ ጠፍንገው ነው ቀኑን የሚጀምሩት። ቀትር ሳይደርስ እግራቸው ያብጥና የካልሲው አፍ ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ቀለበት ይሠራል። ከሰዓት በኋላ ዓይናቸው ብዥ፣ ጉልበታቸው ክድት ሲላቸው ማንኪያ የሚያቆም ስኳር ያለበት ሻይ ይጠጣሉ። ጥቂት ቆይቶ ያው ድካም ይመለሳል፤ ሌላ ሻይ ይቀዳል። ማታ ሱቁ ተዘግቶ እራት የሚቀርበው ጎረቤቱ ሁሉ መብራት ሲያጠፋ ነው። እርሳቸውም በልተው እጃቸውን ሳያደርቁ ትራሱ ላይ ይወድቃሉ። ከዚያ ለሽንት መነሳት አለ፤ አንዴ አይደለም፣ ደጋግሞ ነው። ጠዋት ያው እርጥብ ብርድ ልብስ።

እኛ የቤቱ ሰዎች ይህን እያየን አንድ ማጽናኛ ነበረችን፦ ቀን ቢለፉም ማታ ያርፋሉ፣ እንል ነበር። ተሳስተናል። መሳሳታችንን ያወቅነው ደግሞ እርሳቸውን አስመርምረን አይደለም፤ ባላቸውን አስመርምረን ነው።

አማቴን የሰፈሩ ሰው "እማማ ሽክ" ይላቸዋል። የተተኮሰ ልብስ ሲያስረክቡ ኮሌታውን በሁለት ጣታቸው ቀና አድርገው "በል፣ ሽክ በል" ሳይሉ ስለማይሰጡ ነው ስሙ የወጣላቸው። ባላቸውን ጋሼ እንላቸዋለን። ሁለቱ አጥበውና ተኩሰው የሚያድሩ ሰዎች ናቸው። ሱቁ ጠባብ ነው፤ መስታወቱን ከውስጥ እንፋሎት ያልሸፈነበት ቀን የለም። ሁለት የመተኮሻ ጠረጴዛ፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የተዘረጋ የልብስ መስቀያ ብረት፣ አንድ ከባድ ካውያ፣ ለስስ ልብስ ደግሞ አንድ ቀላል ካውያ። ከኋላ በኩል መኖሪያ ክፍሎቹ አሉ። ልጃቸው ባለቤቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ከቤት ይልቅ መንገድ ላይ ያድራል። እኔ ሕፃኗን አዝዬ ልብስ እቀበላለሁ፣ ቁልፍ እተክላለሁ፣ የተበላሸ ዚፕ እቀይራለሁ።

እነዚህ ሁለት ሰዎች አብረው የሚሠሩበትን መንገድ ሳታውቁ የሚቀጥለውን አትረዱትም። ከባዱን ካውያ በተራ ነው የሚይዙት። "ደክሞኛል፣ ተቀበለኝ" መባባል የለም። አንደኛው ክብደቱን ከአንድ እግሩ ወደ ሌላው ሲያዞር ሌላኛው ያለውን ጥሎ ይመጣል፤ ካውያው ጠረጴዛው ላይ ሳያርፍ፣ ትኩስ እንደሆነ እጀታው ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል። አንድ ሸሚዝ ጀርባውን ጋሼ፣ እጅጌውን እማማ ተኩሰውት ይሰቀላል። ማን የቱን እንደተኮሰ ብትጠይቋቸው ከልባቸው አያስታውሱትም። "ተተኩሷል አይደል? ምን አሳሰበሽ?" ይሉኛል። ትዳራቸውም እንዲሁ ነው። ልጅ ሲያሳድጉ፣ ሲታመሙ፣ ወረፋ ሲቆሙ፣ አንዱ የያዘውን ሌላው መሃል ላይ ይቀበለዋል።

እኔ ግን ሕፃኗን እያጠባሁ አንድ ነገር አስተውዬ ነበር። ጋሼ ተራቸውን ሲያስረክቡ ወንበር ስበው ይቀመጣሉ። እማማ ተራቸውን ሲያስረክቡ ቆመው አንሶላ ያጥፋሉ።

ነገሩ የጀመረው ጋሼ ሰፈር ላለው ክሊኒክ የተኮሱትን ጋውን ሊያደርሱ በሄዱ ቀን ነው። የክሊኒኩ ነጭ ጋውኖች የሚታጠቡትና የሚተኮሱት እኛ ጋ ነው። ሲስተሯ ለጨዋታ ያህል "ይምጡ እስኪ ጋሼ፣ ልለካዎት" አለቻቸው። የደም ግፊታቸው ከፍ ብሎ ተገኘ። በሌላ ቀን ስትደግመው ያው ነው። ጎረቤታችን ጋ ያለው የቤት መለኪያ ግን ምንም አላገኘባቸውም። ዶክተሯ ወጣት ናት፣ ሳቂታ ናት፤ አንዳንድ ሰው ነጭ ጋውን ሲያይ ብቻ ግፊቱ እንደሚወጣ ነገረቻቸው። እማማ ይህን ሲሰሙ ሆዳቸውን ይዘው ነው የሳቁት። "ቀኑን ሙሉ ሲተኩሰው የሚውለውን ጋውን? መስቀያ ላይ ሲሆን ጀግና፣ ሰው ሲለብሰው ፈሪ" አሏቸው። ጋሼ "መስቀያው መርፌ አይዝማ" ብለው መለሱ።

እውነቱን ለመለየት ማሽን ተሰጣቸው። ክንድ ላይ የሚጠመጠም ጨርቅ ነው፤ ከእርሱ ቀጭን ቱቦ ወርዶ ቀበቶ ላይ ከተንጠለጠለች ትንሽ ሳጥን ጋር ይገናኛል። ቀንም ማታም በየጊዜው ራሱ እየተነፋ ይለካል። ዶክተሯ ሲነፋ ክንድዎን አያንቀሳቅሱ፣ እስከ ነገ አይፍቱት፣ አንድም ልክ እንዳያመልጠው አለቻቸው። የሌሊቱ በተለይ እንደሚያስፈልጋት ነገረቻቸው፤ ሰው ሲተኛ ግፊቱም አብሮ ዝቅ ማለት አለበትና መውረድ አለመውረዱን ማየት ትፈልጋለች።

ያን ቀን ሱቃችን ቲያትር ቤት ሆኖ ዋለ። ማሽኑ "እእእ" ብሎ መንፋት ሲጀምር ጋሼ ካውያውን አቁመው፣ ክንዳቸውን ወደ ታች ጥለው፣ እንደ ሰልፈኛ ወታደር ቀጥ ይላሉ። ልብስ ሊወስድ የመጣ ሁሉ አብሯቸው ቀጥ ይላል። አንዱ ሬዲዮ ነው ወይ አላቸው። ሌላው "ጋሼ፣ እስከ ዛሬ በባትሪ ነው እንዴ የሚሠሩት?" ብሎ ጠየቀ። እማማ በዚያ መሃል ካውያውን እየተቀበሉ ሱሪው ሳይቃጠል ሥራውን ይቀጥላሉ።

በማግስቱ ማሽኑን መለሱ። ዶክተሯ ወረቀቱን አገላብጣ አየች። የቀኑ ግፊት የሚያስቀና ነው፤ የሌሊቱ ግን ከቀኑ ከመውረድ ይልቅ ወደ ላይ ወጥቷል። ሌሊቱን እንዴት አደሩ ብላ ጠየቀቻቸው። ጋሼም ሳይዋሹ "እንዲህ ያለ እንቅልፍ ተኝቼ አላውቅም" አሏት። ነገሩ ግራ ቢያጋባትም የወረቀቱን አምና ኪኒን ጀመረችላቸው። ሌላም ምርመራ አዘዘች፤ የደም ስኳር፣ የኩላሊት። የጋሼ ስኳር ንጹሕ ሆነ፤ ኩላሊታቸውም ደህና። ወገባቸው ደግሞ ቀበቶ ላይ ሌላ ቀዳዳ የሚያስበሳ ቀጭን ነው። ከዚህ ሁሉ ጋር ይህ ሌሊት አልገጥም ብሏት ቶሎ ተመልሰው እንዲመጡ ቀጠረቻቸው።

ኪኒኑ ጋሼን አልተስማማቸውም። ጠዋት ከወንበር ብድግ ሲሉ ቤቱ ይዞርባቸዋል። እርሳቸው ለሰው አይናገሩም፤ ጠረጴዛውን ያዝ አድርገው ያሳልፉታል። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ግን ከባዱን ካውያ እንደያዙ ጉልበታቸው እጥፍ አለ። ካውያው ከእጃቸው ወጥቶ እግራቸው ሥር የሲሚንቶውን ወለል ሰነጠቀው። የእግራቸውን ጣት የሳተው በጥቂት ነው። እኔ ሕፃኗን እንዳዘልኩ ሮጬ ሶኬቱን ነቀልኩ፤ እማማ ባላቸውን ደግፈው ወንበር ላይ አስቀመጧቸው፣ ውሃ ሰጧቸው፣ በጋዜጣ አራገቡላቸው። ጋሼ ቀለማቸው ሲመለስ "ይሄ ኪኒን ሳይገድለኝ ካውያው ይገድለኛል" ብለው ለመቀለድ ሞከሩ። የሳቀላቸው አልነበረም።

ጋሼ ውስጥ ገብተው ጋደም እንዳሉ እማማ የተሰነጠቀውን ወለል ቁልቁል እያዩ ቆሙ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠሩኝ።

"አንቺ ልጅ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። ይሄ ኪኒን ያለ ጥፋቱ ነው የሚውጠው።"

"እንዴት ማለትዎ ነው እማማ?"

"ያን ሌሊት ማሽኑን ያሰርኩት እኔ ነኝ።"

የሆነው እንዲህ ነው። ማታ ጋሼ እንደተኙ ማሽኑ ተነፋ፤ ደንግጠው ተነሱ። መልሶ እንቅልፍ ሲወስዳቸው መልሶ ተነፋ። እማማ አንጀታቸው አልቻለም። ሰውየው ነገ ቆሞ መሥራት አለበት። ዶክተሯም አንድ ልክ እንዳያመልጠው ብላለች። ስለዚህ ሥራው ሳይቋረጥ ጨርቁን ከባላቸው ክንድ ፈተው በራሳቸው ክንድ ጠመጠሙት፤ ጋሼም በእንቅልፍ ልባቸው ካውያ እንደሚያቀብሉ ክንዳቸውን ሰጡ፣ ዞረውም ተኙ። ሊነጋ ሲል እማማ መልሰው አሰሩላቸው። ሁለቱም ከዚያ በኋላ አንድ ቀንም አላነሱትም። ለመደበቅ ብለው አይደለም። ካውያ ሲቀባበሉ ማን መቼ እንደያዘው እንደሚረሱት ሁሉ ይህንንም ረስተውታል። ለእነርሱ አንዱ የጀመረውን ሌላው መጨረሱ የሚነገር ነገር አይደለም። ዶክተሯም ቢሆን አይፍቱት አለች እንጂ ለሌላ ሰው አይስጡት አላለችም፤ ማን እንዲህ ያደርጋል ብላ ታስባለች?

ሰምቼ ልስቅ አፌን ከፍቼ ሳለ ሌላ ሐሳብ መጣብኝ። ያ ዶክተሯን ያሳሰባት ሌሊት የጋሼ ካልሆነ፣ የማን ነው?

እማማንም እንዲሁ አልኳቸው። እጃቸውን አወናጨፉ።

"የኔማ ምን ይሆናል? እኔ ሰው ነኝ እንዴ፣ እኔ ብረት ነኝ።"

"ብረትም ይዝጋል እማማ።"

"አሁን ስለሱ ነው የምናወራው። የሱን ኪኒን እናስቁምለት፤ የኔን በኋላ።"

የእርሳቸውን "በኋላ" አውቃታለሁ። የጥርስ ሕመማቸውም በኋላ ነው፣ የእግራቸው እብጠትም በኋላ ነው። አንድ ጊዜ በየሰፈሩ የሚዞሩ የጤና ሠራተኞች ለክተዋቸው "ትንሽ ከፍ ብሏል፣ ይከታተሉት" ብለዋቸው ነበር፤ እርሳቸው "ደህና ነሽ አሉኝ" ብለው ነው ቤት የነገሩን። የጠዋቱን ራስ ምታት የእንፋሎት ነው ይላሉ፤ የቀኑን ድካም የዕድሜ፤ የሌሊቱን ሽንት የሻይ። ለእያንዳንዱ መልስ አላቸው። ሁሉንም ባንድ ላይ ሰብስቦ ያየው ግን የለም።

ቢሆንም የባላቸውን ኪኒን ለማስቆም ሲሉ በዚያው ዕለት ክሊኒክ ሄዱ። ጋሼን እኔና እርሳቸው በግራና በቀኝ ይዘን ገባን። እማማ ቁጭ ሳይሉ ቆመው ተናዘዙ። ዶክተሯ ጆሮዋን ስላላመነች አስደገመቻቸው። ከዚያ ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። ሲስተሯ በር ላይ ቆማ አብራ ትስቃለች። ጋሼ "እኔማ ጥሩ ተኛሁ ብያችኋለሁ" እያሉ በኩራት ዙሪያውን ያያሉ። ኪኒኑ ዛሬውኑ እንዲቆም ዶክተሯ ወሰነች፤ ለብቻቸው ደግመው እንዲለኩም ቀጠረቻቸው። እማማ እፎይ ብለው ነጠላ ጫማቸውን አስተካከሉ፣ ቦርሳቸውን አነሱ።

ዶክተሯ ግን ሳቋ አልቆ ወረቀቱን እንደገና አውጥታ ነበር። ጣቷን የሌሊቱ ቁጥሮች ላይ አስቀምጣ እማማን ቀና ብላ አየቻቸው።

"እማማ፣ ይሄ እንግዲህ የእርስዎ ነው። ይቀመጡ።"

"ሌላ ቀን እመጣለሁ ልጄ። ሱቁን ክፍት ጥለን ነው የመጣነው፤ የደንበኛ ሱሪ ጠረጴዛ ላይ ነው ያለው። ዛሬ እኔ እሱን ላጅብ ነው የመጣሁት።"

ዶክተሯ ለመለመን አፏን ስትከፍት ጋሼ ቀደሟት። ጋሼ ብዙ የማይናገሩ ሰው ናቸው። በር ላይ ቆመው መሬት መሬት እያዩ ነበር የተናገሩት።

"ዶክተር፣ ይቺ ሴትዮ ስትተኛ ትንፋሿ ቆም ይላል።"

እማማ "ምን ይላል ይሄ ሰውዬ" አሉ፣ ግን አልጮሁም።

"ሁልጊዜ አይደለም። ታንኮራፋለች፣ ታንኮራፋለች፣ ከዚያ ዝም። እስኪመለስ ድረስ እጠብቃለሁ። ይመለሳል። ሲመለስ እኔም እተኛለሁ። ድካም ነው ብዬ ነው እንጂ ሕመም መሆኑን አላወቅሁም።" ከዚያ ወደ ሚስታቸው ዞሩ። "ቁልፉን ስጪኝ። ሄጄ ሱቁን እዘጋለሁ። ክንድሽን ካልሰጠሻት ነገም አልከፍተውም፣ ከነገ ወዲያም አልከፍተውም።"

ሱቁ በሥራ ቀን ተዘግቶ አያውቅም። ባለቤቴ በተወለደ ቀን እንኳ ጋሼ ከሆስፒታል ተመልሰው የሙሽራ ሱሪ ተኩሰዋል፤ ይህን ራሳቸው እማማ እየሳቁ ነው የሚያወሩት። አሁን ግን አልሳቁም። ከዚያ ቦርሳቸውን ለእኔ አቀብለው ተቀመጡ፤ የቀኝ እጅጌያቸውን እስከ ትከሻቸው ሰበሰቡ።

የእርሳቸው ማሽን በታሰረ ቀን ሲስተሯ ጨርቁን ካጠበቀች በኋላ "ይህን ለጋሼ፣ ለምራትዎ፣ ለጎረቤት፣ ለማንም አያውሱ" ብላ በአንድ ትንፋሽ ዘረዘረችላቸው። አላዋሱም። ውጤቱ ሲወጣ የቀኑ ግፊት ከሚገባው ጥቂት ከፍ ያለ ነው፤ ቀን የለካቸው ሰው ብዙም አይደነግጥም። ሌሊቱ ግን ያው በጋሼ ስም የተጻፈው ሌሊት ነው፤ አልወረደም። የደም ስኳራቸውም የስኳር በሽታ ከሚባለው መስመር ተሻግሮ ተገኘ። የወገባቸው ልክ፣ የደም ቅባታቸው፣ ሁሉም አንድ አቅጣጫ ነው የሚያሳየው።

ዶክተሯ ያስረዳችን በሚገባን ቋንቋ ነው። የጤነኛ ሰው ግፊት ማታ ከቀኑ ቢያንስ አንድ አሥረኛ ያህል ይወርዳል፤ ልብም፣ የደም ሥሩም፣ ኩላሊቱም በዚያ ሰዓት ነው ፋታ የሚያገኙት። የአንዳንዱ ሰው አይወርድም። እንዲህ ያለ ሌሊት ደግሞ ብቻውን እምብዛም አይገኝም፦ ስኳር፣ ሆድ ላይ የተከማቸ ስብ፣ ጨው የበዛበት ምግብ፣ የሚቆራረጥ እንቅልፍ በዙሪያው አይጠፉም። የቱ የቱን ጎትቶ እንዳመጣው ሁልጊዜ መለየት አይቻልም፤ አንዱ ሌላውን ያባብሰዋል። ቀን ብቻ ሲለኩት ደግሞ ተደብቆ ይኖራል። እማማ እስከ መጨረሻው ድረስ በጽሞና ሰሟት።

"ገባኝ" አሉ። "ካውያውን ሳልነቅል ነው የማድረው በይኛ።"

ዶክተሯ እንደዚህ አድርጎ ያስረዳላት በሽተኛ እንደሌለ ነገረቻቸው። ቤት ደርሰን ሕፃኗን ከጀርባዬ ሳወርድ ግን እማማ "አባቴም ሌሊት ነው የሞተው፣ ተኝቶ" አሉ። እኔም ሕፃኗን ይያዙልኝ ብዬ ሰጠኋቸው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ለውጥ ለማውራት አያምርም፤ ቤት ውስጥ የሚሠራ ተራ ነገር ነው። ለእናንተም ይጠቅም ይሆናል ብዬ እጽፈዋለሁ። ኪኒን ጀመሩ፣ ለግፊቱም ለስኳሩም። መጠኑን የምትወስነው ዶክተሯ ናት፤ እኛ ጎረቤት ምን ይውጣል ብለን አንጨምርም፣ አንቀንስም። ሱቁ መሸት ሲል ይዘጋል። እራት በጊዜ ይቀርባል፤ ጨዋታው ከእራት በኋላ ይሆናል እንጂ እንደ ድሮው ከእራት ወደ ትራስ የለም። ጨው መጨመር የእኔ ሥራ ሆኗል፤ እማማ ቀምሰው "ይሄ የታጠበ ምግብ ነው፣ አልተተኮሰም" ይሉኛል። ሻዩ ላይ ነው ጦርነቱ። በአንዴ ያለ ስኳር ሲሰጣቸው "ይሄማ የእጅ መታጠቢያ ነው" ብለው መለሱት። ስለዚህ ቀስ በቀስ ቀነስንላቸው፤ አሁን ጭራሽ ያለ ስኳር ይጠጣሉ ማለት አልችልም፤ ማንኪያው ግን ብርጭቆው ውስጥ ይወድቃል፣ አይቆምም። የክሊኒኩን ጋውን በእግር የሚያደርሱት አሁን እርሳቸው ናቸው። ትንፋሻቸው እንዳይቆራረጥ በጎናቸው እንዲተኙ ጋሼ ከጀርባቸው ትራስ ያስደግፋሉ። ትራሱ ሌሊት መሬት ወርዶ ቢገኝ ጠዋት አንዱ ባንዱ ያሳብባል።

ከሁሉ የከበደው ግን ወንበሩ ነው። ጋሼ ከአናጢ ረጅም ወንበር አሠርተው ከጠረጴዛው አጠገብ አቆሙት፤ እማማ ካውያውን ሲያስረክቡ እዚያ ላይ እንዲቀመጡ። መጀመሪያ ላይ ተቀምጠው እንኳ እጃቸው አንሶላ ይፈልጋል። ጋሼ አንሶላውን ቀምተው ራቅ ያደርጉታል። ልብስ ሊወስዱ የሚመጡ ሰዎች "እማማ ሽክ፣ ጡረታ ወጡ እንዴ?" እያሉ ይነካኳቸዋል። "አለቃ ሆኜ ነው፣ አለቃ ይቀመጣል" ይላሉ።

ወራት ቆይቶ እንደገና ተለኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሁሉም ነገር አልተስተካከለም። ስኳራቸው በደንብ ወርዷል። የሌሊቱ ግፊትም ወርዷል፤ ግን ገና የሚፈለገው ቦታ አልደረሰም። ለትንፋሹ መቆራረጥ የእንቅልፍ ምርመራ ያስፈልጋቸዋል፤ ያ በትልቁ ሆስፒታል ነው የሚሠራው፣ ወረፋም አለው፣ እየጠበቅን ነው። ጋሼም ለብቻቸው ደግመው ተለክተው ሌሊታቸው እንደ ሕፃን ሌሊት ሆኖ ተገኝቷል፤ ሰው የለበሰው ጋውን ሲያዩ ግን አሁንም ግፊታቸው ይወጣል። ለእኔ ትልቁ ነገር የማየው ነው፦ እማማ ግንባራቸውን ሳያስሩ የሚነሱበት ጠዋት በዝቷል። ባለፈው ሰሞን ባለቤቴ ከመንገድ ሲመለስ እናቱን በጠዋት ሲዘፍኑ ሰምቶ ሕመም የጠናባቸው መስሎት በሩን በርግዶ ገባ።

ይህን እየጻፍኩ መሆኔን ስነግራቸው መጀመሪያ ተቆጡ። የሞኝነታችንን ወሬ ለአገር ልታዳርሺው ነው ወይ አሉኝ። ጋሼ ግን ለሰው ይጠቅማል፣ ተያት አሏቸው። እማማ ጥቂት አሰቡና ካልቀረ አንድ ነገር በኔ ስም አስገቢልኝ ብለው ሕፃኗን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው እየነገሩኝ ጻፍኩ። ቃላቸው ይኸውላችሁ።

"ልጆቼ፣ ባላችሁን፣ እናታችሁን፣ ጎረቤታችሁን ይዛችሁ ሐኪም ቤት የምትሄዱ ሁሉ፣ እኔ አጃቢ ነኝ ብላችሁ አትመለሱ። የታመመው ሰው ተለክቶ ሲያበቃ እናንተም ተቀመጡና ክንዳችሁን ስጡ። ቀን ደህና ናችሁ ቢሏችሁም፣ ጠዋት ከተኛችሁበት ደክሟችሁ የምትነሱ ከሆነ፣ ስለ ሌሊቱም ጠይቁልኝ። አታፍሩ። እኔ በሰው ስም ባልለካ ኖሮ እስከ ዛሬ ማን ይጠይቅልኝ ነበር?"